ረቡዕ ሲጠፋ ለምን ዝም አልሽ?

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት የሚሰማ፣ እንቅልፍዎም በስብሰባ ላይ እንደምናየው ሁሉ በቤትዎም የሰመረ እንዲሆን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት፣ ከቀለም በርሜሎቹ ጎን ባለችው መስኮት አልባ ክፍል የምቀመጠው አራሚ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስለሠራን መልኬን ያውቁታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ «እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ብለው በትሕትና መጠየቅዎን ግን አልዘነጋሁም።

«ስህተት እያየሽ ዝም ብለሻል» የሚለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኛል። ስለ ተቆርቋሪነትዎ እያመሰገንኩ የሆነውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ወር ስልሳ ጥያቄ ያለበት የባሕርይ መመዘኛ አስሞሉን። «በስብሰባ ላይ ለመናገር እጅዎን ሲያነሱ ምን ይሰማዎታል?» ለሚለው «ልቤ ይመታል» ብዬ እውነቱን መለስኩ፤ ባይመታ ይበልጥ ያሳስበኝ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ «ቁጥብ» ተብዬ ግራጫ ባጅ ተሰጠኝ። ሁላችንም «ማይክሮፎን» የምንለው የሽያጭ ባልደረባችን ደግሞ «ደፋር» ተብሎ ቀይ ባጅ አገኘ። ቀዮቹ በስብሰባ እንዲናገሩ፣ ግራጫዎቹ ግን ሐሳባቸውን በቅርብ አለቃቸው በኩል በጽሑፍ እንዲያቀርቡ መመሪያ አወጡ። ዓይናፋሮቹን ከመናገር ጣጣ ስለገላገሉን ውለታዎን አንረሳም።

፪ኛ. ለአንድ የጥርስ ሐኪም በምናዘጋጀው የቀን መቁጠሪያ ላይ ማክሰኞ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ረቡዕ ጨርሶ አለመኖሩን አየሁ። በመመሪያዎ መሠረት ለቅርብ አለቃዬ በጽሑፍ አቀረብኩ። ረቡዕን የጣሉት ገጽ አቀናባሪ እኚሁ አለቃዬ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ወረቀቴን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረጉት፤ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» በማለትም ባሕርዬን ከመመዘኛዎ እጅግ ባጠረ ቋንቋ ገለጹት።

የቀን መቁጠሪያው ከመታተሙ በፊት በጠሩት ስብሰባ እጄን አነሳሁ። እርስዎ ባጄን አይተው «አይዞሽ እህቴ፣ አትጨነቂ፤ እጅሽን አውርጂ» አሉኝ። ከዚያ ማይክሮፎን ስለ ሽፋኑ ሰማያዊነት አርባ ደቂቃ ተናገረ። እኔም ከሁሉ ጋር አጨበጨብኩ፤ ለካ የግራጫ ባጅ እጅ የሚነሳው ለጭብጨባ ነው።

፫ኛ. ሁለት ሺህ ታተመ። የሰው አፍ ሲያስከፍት የኖረው ሐኪም ሥራችንን ሲያይ የራሱን መዝጋት አቃተው። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ በሁለተኛው ማክሰኞ ላይ «ረቡዕ» የሚል ወረቀት በእጁ እንዲለጥፍ ታዘዘ። ማይክሮፎን እያወራ ስለሚለጥፍ፣ በድርሻው በደረሱት አራት መቶዎች ላይ ረቡዕን የለጠፈው በእሑድ ላይ ነበር። ማክሰኞ ሁለት እንደሆነ ቀረ፤ የእረፍት ቀናችንም ሥራ ገባ።

ከጎኑ ተቀምጬ ይህን ሳይ ልቤ እንደ ልማዱ መታ። ባጄን አውልቄ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ፣ አሥራ አንድ ዓመት በተጠራቀመ ድምፅ «እሑድን መልሱ!» ብዬ ጮህኩ። የማሽን ሠራተኛው ደንግጦ ማሽኑን አጠፋ። እርስዎም ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው ማን እንደጮኸ ጠየቁ፤ ሁሉም ወደ እኔ ቢጠቁም አላመኑም። ማይክሮፎን፣ ምስጋና ይግባውና፣ አራት መቶውንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ልጦ በቦታው ለጠፈ። ሐኪሙም ሥራውን ተረከበን።

በማግስቱ ሁለት ማስጠንቀቂያ በአንድ ፖስታ ደረሰኝ፤ አንዱ ዝም በማለቴ፣ ሁለተኛው በመጮኼ። በመካከላቸው ስላለው፣ ስለሚፈቀደው የድምፅ ልክ መመሪያ እስኪያወጡ በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

፬ኛ. ይህንን በቁጥብነቴ ምክንያት ትቼዋለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ እጄን ሳነሳ ባጄን ሳይሆን ፊቴን ይመልከቱልኝ። የምድር ቤቱ ሰዎች የምንናገረው አጥተን አናውቅም፤ ያጣነው ተራ ነው።

ከፍ ያለ ድምፅዎን፣ ከሱም ከፍ ያለ ፎቅዎን ዘወትር ከታች ሆኜ የማከብር፣
የምድር ቤቷ አራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሁለቱ ደብዳቤዎችዎ ውስጥ ያገኘኋቸውን አሥራ አራት የፊደል ግድፈቶች በቀይ አርሜ አያይዣለሁ። ከፊርማዎ ሥር ግን «ኃላፊ» ለማለት «አላፊ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን ደጋግሜ መርምሬ ስህተት ስላላገኘሁበት እንዳለ ትቼዋለሁ።