እጄ አላርፍ አለኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ። ለምን? ማንም አይጠብቀኝ። ፊቴን ታጥቤ፣ ጫማዬን አስሬ፣ በሩ ጋ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ከፋብሪካው ካሰናበቱኝ ስንት ጊዜ ሆነ! የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጨርቁ መብራት ላይ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ ካየሁ በጠመኔ ክብ አሰምርበታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። አሁን ካሜራ ያየዋል... ዓይኑ አይደክመው፣ ሽንት ቤት አይሄድ።

ባሌ አልጋው ውስጥ ሆኖ ሳቀብኝ። "ነይ ተኚ እባክሽ። ድርሻሽ እንደሆነ ገብቷል።"

ድርሻ የምንለው መንግሥት በየወሩ ለሁሉም ሰው የሚሰጠውን ነው። ማሽን ለተካውም ላልተካውም፣ ለሀብታሙም ለደሃውም እኩል። ለኪራይና ለአስቤዛ ይበቃል። አይካድም፣ ደግ ነገር ነው። ታዲያ እኔን ምን ነካኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቁም ሳጥኑን አራግፌ እንደገና ደረደርኩ። ትናንትም ደርድሬው ነበር።

ባሌ ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪ ነበር፤ እሱንም ማሽን ነው የተካው። እሱ ግን ተመችቶታል። በረንዳው ላይ ቲማቲም ተክሎ ከቲማቲሙ ጋር ያወራል። ከኔ ጋር ከሚያወራው ይበልጣል። ቀናሁ መሰለኝ... በቲማቲም!

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ጉድ ሠራሁ። የባሌ እህት አዲስ መጋረጃ ሰቅላ "ኑ እዩልኝ" አለች። ሳሎኑ ሙሉ እንግዳ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ወሬ የምሰማ መስሎኛል... እጄ ለካ ሥራ ላይ ነው። ጠመኔው ከኪሴ መቼ ወጣ? አምስት ቦታ ክብ አስምሬበታለሁ!

"ምነው እቴ! መጋረጃዬን ምን አደረግሽው?"

"እዚህ ጋ ክር ዘሏል" ብያት አረፍኩ። ዝም አይሻልም ነበር?

ባሌ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም። ቤት ስንገባ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አለቀስኩ። እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ሥራዬ ናፈቀኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የፋብሪካው አለቃዬ፣ ፎርማኑ ደወለ! ካሜራው ጥቁር ጨርቅ ላይ እየሳተ አስቸግሯቸዋል። "ዓርብ ብቅ በይ፣ እንነጋገር" አለኝ። ቤቱን ስዞረው ዋልኩ። ባሌ "ቀስ በይ፣ መጀመሪያ ዋጋውን ስሚ" ይላል። የምን ዋጋ? በነጻም እገባለሁ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ድንቡሼ መጣች። ፋብሪካ አጠገቤ ትቆም የነበረችው ጓደኛዬ። እሷንም ጠርተዋት ትናንት ሄዳለች።

"በግማሽ ደሞዝ ነው" አለች። "ፎርማኑ ድርሻሽ አለልሽ፣ የኛ ለኪስ ትሁንሽ አለኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ።"

"እምቢ? አንቺ?"

"የልጆቹ ራት አሁን በድርሻው ተሸፍኗላ። ድሮ ቢሆን እግሩ ላይ ወድቄ ነበር የምቀበለው።" ልትሄድ ስትነሳ፦ "ነገ አንቺ እሺ ካልሽው ግን የሁላችንም ዋጋ ያው ሆነ ማለት ነው። እወቂው።"

ከሄደች በኋላ ተናደድኩ። እሷን ምን አገባት? ... ያገባታል እንጂ። ኧረ እኔ አላውቅም። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሄድኩ። የክሩ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ፎርማኑ ጥቁር ጥቅል ዘረጋልኝ። እጄ ቀጥ ብሎ ሄዶ የሳሳው ቦታ ላይ አረፈ። ካሜራው አልፎት ነበር! ደስ ሲል... እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ ነው?

"አየሽ፣ አንቺ እኮ ዓይን አለሽ!" አለኝ። ቀጥሎ ያንኑ ግማሽ። ያንኑ "ለኪስ ትሁንሽ"።

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። እግዜር ያውቃል፣ እሺ ልል ነበር። የወጣው ግን "ዓይኔ ግማሽ ነው እንዴ?" የሚል ሆነ። "ድርሻው የኔ ነው። አንተ ከምትከፍለኝ ላይ ይቀነስ ብሎ የሰጠኝ የለም።"

"ያለ ሥራ ታብጃለሽ!"

"እኔም እሱን ነው የምፈራው። ቢሆንም ሙሉውን ካልሆነ አልገባም።"

ብዬው ወጣሁ። ለዚያ ሰው አንድም ቀን እምቢ ብዬው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ቆጨኝ። በእጄ የገባውን! ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ባሌ "ምን አልሽው? ድገሚልኝ" ይላል። ደጋግሞ አስነገረኝ። "እኔ ሲያስወጡኝ አመሰግናለሁ ብዬ ነው የወጣሁት" አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አልተደወለም። ለድንቡሼም አልደወሉላት። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ቁርስ ላይ ስልኩ ጮኸ። ፎርማኑ ነው። ባሌ ሊያቀብለኝ ዘሎ ተነሳ።

"ቆይ" አልኩት።

"ኧረ አንሺው! ይዘጋብሻል!"

"ከፈለገኝ መልሶ ይደውላል።"

ምን ሊለኝ ነው? አላውቅም። ዘጋ። እንደገና ደወለ። ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩና አነሳሁት።