የአባትሽ መኪና አዲስ ሬዲዮ

ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ብርዱ ሲያልፍ ተወኝ። ራት ሳትበዪ እንዳትተኚ ብቻ።

ባለፈው እሁድ ስትደውዪ መልስ ያጣሽው ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። የአባትሽ አሮጌ የጭነት መኪና፣ አብሮት የመጣው ሬዲዮ ጭራሽ ድምፁ ጠፍቶ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነቅሎ አዲስ ገጠመለት። ስልክም ያናግራል ብሎ የኔን ስልክ ያለ ሽቦ ከሬዲዮው ጋር አገናኘው፤ የአባትሽ ስልክ አሮጌ ነዋ። ምኑም ሳይገባኝ እሺ አልኩ።

ከዚያ እሁድ ስትደውዪ ስልኬ ኩሽና ውስጥ ጠራ። አንስቼ ሃሎ ብል፣ ሃሎ ብል፣ ጭጭ። ድምፅሽ ግን ከግቢ ይመጣል። መጣች እንዴ ብዬ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ለካ አባትሽ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ጩኸቱን ለማስቆም የሬዲዮውን አረንጓዴ ቁልፍ ነክቶ ኖሯል። "እማዬ፣ አባዬ አሁንም እንዳኮረፈኝ ነው?" ትያለሽ በመኪናው በሮች ላይ ባሉት ድምፅ ማጉያዎች። ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ያልጠራ ሰው፣ መሪውን ጨብጦ ይሰማል።

በማግስቱ ሠራተኛውን ጠርቼ፣ ስልኬን ከሬዲዮው ለይልኝ ስለው፣ አባትሽ "አትንካው" አለ። አሁን ከሥራ ሲገባ ቶሎ አይወርድም። ሬዲዮው በርቷል፤ ዘፈን የለ፣ ዜና የለ፣ ዝም ብሎ ያየዋል። ተቆጣ ልበል፣ ታረቀ ልበል፣ ግራ ገባኝ።

እስቲ እሁድ ጠዋት ደውዪ፣ ልጄ። አምላክ አንደበትሽን ያጣፍጥልሽ። እኔ ስልኩን አላነሳም።

እናትሽ