ከልደታ በኋላ የተተከለ ድንኳን

ግንቦት ፲፰፣ ረቡዕ

ዳዊቴን ደግሜ የጓሮውን ጎመን ሳጠጣ የልጄ ልጅ ሰሎሜ ወረቀት ይዛ መጣች። ከጎረቤታችን ከይማም ልጅ ከሂዳያና ከአራት የኮሌጅ ጓደኞቻቸው ጋር ዓርብ ከሞጣ ተነሥተው፣ ከቢቸና በታች ባለው ደን ወንዙ ዳር ድንኳን ተክለው ሊሰነብቱ ነው። “ካምፒንግ” ይሉታል። እኛ በቅኔ ተማሪነታችን ስናደርገው ስም አልነበረውም።

“አባባ፣ የቱ ጋ ይሻለናል? እርስዎ አይደሉ እዚያ የተማሩት?”

ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ከሃምሳ ዓመት በፊት ጎጆ ቀልሰን የተቀመጥንበትን፣ ሾላው ከላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋበትን፣ አሸዋው ከአልጋ ይልቅ የሚመችበትን ያን የወንዝ ዳርቻ፣ አንዲት መታጠፊያ ሳላስቀር ሣልሁላት። ይማም በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ “የኔታ ካሉ ልቤ ያርፋል። እናቷ ዓሊማም የፈቀደችላት በእርስዎ ቃል ነው” አለኝ።

ግንቦት ፳፣ ዓርብ

ሄዱ። ሂዳያ ከመኪናው መስኮት፣ “የኔታ፣ ጅብ ቢመጣ ምን እንበለው?”

“ቅኔ ተቀኙለት፤ ሳይገባው ይሄዳል።”

ሳቁብኝ።

ግንቦት ፳፩፣ ቅዳሜ

ቀትር ላይ በጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እዚህ ጠብታ የለም። ያን ጥቁረት ሳይ ነው የታወሰኝ… መምህራችን በየዓመቱ በግንቦት ልደታ ማግስት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጎጆአችንን አስፈርሰው ወደ ዳገቱ ያወጡን ነበር። “ዝናቡ እዚያ፣ ውሃው እዚህ!” እያሉ፣ የዘገየውን በመቋሚያ እየጎሸሙ።

ቦታውን ነገርኋት። ጊዜውን አልነገርኋትም። ልደታ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። እንዴት ረሳሁ?

ስልኳ አይሠራም። ደግሜ፣ ደጋግሜ ደወልሁ… ለይማም ልንገረው? በከንቱ ባስደነግጠውስ? ደመናው ቢያልፍስ? እንዲህ እያልሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥሁ።

ከዚያ ሱቁ ሄድሁ። ጨርቅ እየለካ ነበር።

“ይማም፣ ልጆቹን ደራሽ ውሃ መንገድ ላይ ነው ያስተኛኋቸው።”

ሜትሩን ጣለ። “ምን ማለትዎ ነው? ራስዎ አይደሉ የመረጡላቸው?”

“እኔ ነኝ። አብሬህ ልሂድ።”

“ይቀመጡ፣ የኔታ። ገደሉን ማን ተሸክሞ ያወርድዎታል?” የወንድሙን መኪና ይዞ ወጣ።

ሚስቱ ዓሊማ መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ብትሰድበኝ በወደድሁ።

ግንቦት ፳፪፣ እሑድ

ቅዳሴ ቆምሁ። የተባለውን አልሰማሁም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከይማም ጋር መጡ። ስድስቱም! ደረቅ ልብስ ለብሰው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ።

ውሃው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጥቶ፣ እኔ የሣልሁትን ቦታ እስከ ሾላው ወገብ ሸፈነው። እነሱ አልነበሩበትም። ሰሎሜ ዓርብ ዕለት እንደደረሱ ቀና ብላ፣ ከራሷ በላይ ቅርንጫፉ ላይ የተጠመጠመ ደረቅ ሣርና ጭራሮ አየች። “ውሃ ካልሆነ ማን ሰቀለው?” ብላ ሁሉንም ዳገቱ ላይ አወጣቻቸው።

“ዳገቱን ከወጣችሁ በኋላ፣ ስልክ የሚሠራበት ፈልገሽ አትነግሪኝም ነበር?”

“ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው፣ አባባ።”

ለይማም ቀትር ላይ አስታውሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝም ማለቴን ነገርሁት። “አላህ አወጣቸው” አለ። ቀጥሎ፣ “ይህን ለዓሊማ እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይንገሯት።”

ግንቦት ፳፫፣ ሰኞ

ራሴን አመመኝ። ወደ ዓሊማ አልሄድሁም። በእውነት አሞኝ ነውን?

ግንቦት ፳፭፣ ረቡዕ

ነገርኋት። ምስር ትለቅም ነበር፤ እጇ አልቆመም።

“ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ የኔታ?”

“ሦስት ሰዓት።”

“አፍረው ነው?”

“አፍሬ ነው።”

“እኔ አደራ ያልሁዎት ልጄን ነው እንጂ ክብርዎን አይደለም።” በርጩማ ገፋ አድርጋልኝ፣ “ይቀመጡ እንግዲህ፤ ፀሐይ ላይ አይቁሙ።” ተቀመጥሁ።

ማታ ሰሎሜ፣ በጥቅምት ስለሚሄዱበት ስለ ጣና ዳር ደን ጠየቀችኝ። ለወትሮው ሐይቁን ከነገዳማቱ፣ ከነታሪኩ፣ ከነነፋሱ አስፋፍቼ የምተነትን እኔ፣ የማውቀውን በሁለት ቃል ጨረስሁና የማላውቀውን እነግራት ጀመርሁ፦ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ፣ ማዕበሉ መቼ እንደሚነሣ፣ ዛሬ ዛፉ ይኑር አይኑር፣ ይህን ሁሉ ከአገሬው ማንን መጠየቅ እንደሚገባት። እሷም እየጻፈች፣

“ቀስ ይበሉ፣ አባባ፤ አልደረስሁብዎትም” አለችኝ።