በድምፅ ብልጫ የተቀደመች ሯጭ

ጎጆ፣ ግንቦት 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ጓድ አመዩ ፉፋ፣ የአውራጃችን የስፖርት ጉዳይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከወንበር ሲነሡ ያስቸግርዎታል የሚባለውን የወገብ ቁርጥማት ፈጣሪ ይማርልዎ እያልኩ፣ እኔ በጎጆ ብርድ ጆሮዬ ከመደንዘዙ በቀር እስካሁን አለሁ። ኢኮኖሚው ቅይጥ ነው ከተባለ ወዲህ «ጓድ» ማለቱ ይቀጥል ይቅር የነገረን ስለሌለ፣ እንዳልሳሳት ብዬ ሁለቱንም ማዕረግ ጽፌልዎታለሁ። እርስዎ ዘንድ የገባ ወረቀት ሁሉ «ይታያል» ተብሎ እንደሚተኛ ስለማውቅም፣ እስኪታይ ድረስ ሰው ያንብበው ብዬ አንዱን ግልባጭ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ካሰች ተሬፋ እባላለሁ፤ የአምቦ ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ስፖርት ነው። እናቴ ወይዘሮ ባየሽ እስከ ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃት «የጤና ነገር ነው የተማረችው» እያለች ታድበሰብሳለች፤ ለመሮጥ ምን ትምህርት ያሻል፣ ውሻ ያባረረው ሁሉ ይሮጥ የለም ወይ ባይ ናት። እኔ ግን በሌላው ዓለም ስፖርት እንጀራ እንደሆነ፣ አሠልጣኝ፣ ዳኛ፣ የክለብ አስተዳዳሪ ሆኖ መኖር እንደሚቻል በመጽሐፍ አንብቤ፣ እኛም አገር ይደርሳል ብዬ አመንኩ። ማመን አይከለከልም፤ ከዚያ ተመድቤ ወደ እርስዎ መጣሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ልብ ምትና ስለ ጡንቻ የተማርኩትን በከንቱ እንዳላባክን አስበው፣ በየበዓሉ ሕዝቡን በሰልፍ እንዳቆም፣ መፈክር ሲሰማ ግራ እጁን እኩል እንዲያነሣም እንዳለማምድ ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የጎጆ ገበሬ ዛሬ እጁን ሲያነሣ አንድም ክርን አይታጠፍም፤ ይህ የዲግሪዬ ፍሬ ነው።

ሁለተኛ፣ ያለችንን አንዲት ኳስ የመንግሥት ንብረት ናትና በጨዋታ እንዳታረጅ ብለው በብረት ሳጥን ስለቆለፉባት። በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ አዲስ እንደሆነች ትገኛለች፤ ልጆቹም በጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ።

ሦስተኛው የጉዴ ነገር ነው። እዚህ ላይ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ጉዴ ሌንጮ የዚሁ የጎጆ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ በማለዳ ብርድ በጊንጪ መንገድ ላይ አሠልጥኛታለሁ፤ እንደ እርሷ ያለ እግር ደግሞ አይቼ አላውቅም። አባቷ ኦቦ ሌንጮ ከካቺሲ የመጡ ሽማግሌዎች ጉዴን ለልጃቸው ሲጠይቋቸው በሰው ፊት ቃል ሰጥተው ነበር፤ በየካቲቱ የአውራጃ ውድድር አንደኛ ከወጣች አዲስ አበባ ሄዳ ትሞክር፣ እዚያ ካሉት የፋብሪካ ክለቦች አንዱ ደመወዝ ቆርጦ ከቀጠራትም ጋብቻው ይቅር፤ አንደኛ ካልወጣች ግን ልጅቷ የእናንተው ናት አሉ። ልጅቷ ይህን ሰምታ ነው የሮጠችው። እርስዎም ከዳሱ ሥር ተቀምጠው አይተዋል፤ ከሌሎቹ እጅግ ቀድማ ከመድረሷ የተነሣ፣ ሪባን ያዦቹ ገና ሪባኑን እየፈቱ አገኘቻቸው።

እርስዎ ግን ውጤት ሳይገመገም አይጸድቅም ብለው ስብሰባ ጠሩ። የሴቶች ማኅበሯ ጓድ እታገኝ ተነሥተው፣ ይህች ልጅ ጓዶቿን ጥላ ስትሄድ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችም፣ ይህ ግለኝነት ነው አሉ። ሌላው ደግሞ በስብሰባ ላይ ያላትን ተሳትፎ አነሣ። እኔም ተነሥቼ፣ እባካችሁ፣ በሩጫ ዞሮ ማየት አይመከርም፣ ሩጫ ማለት ራሱ መቅደም ነው ብል፣ እርስዎ በዚያ በጨዋ ፈገግታዎ፣ ባለሙያ አስተያየት ይሰጣል እንጂ ድምፅ የለውም አሉኝ። ከዚያ እጅ ወጣ። በእግሯ አራተኛ የገባችው ሽታዬ፣ ከስብሰባ ቀርታ ስለማታውቅ አንደኛ ሆነች፤ ጉዴ ከሰባቱ ስድስተኛ ሆነች፤ ሰባተኛ ያልተደረገችውም ሰባተኛዋ መንገድ ላይ ስላቋረጠች ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል ነበር፤ እኛ ጉዱን በየካቲት ጨረስነው።

ሽታዬን አልወቅሳትም። አዲስ አበባ ሄዳ ገና ከግማሽ ሳትደርስ አቋርጣ ስትመለስ፣ ቤቴ መጥታ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሂጂ ካሉኝ ምን ላድርግ አለች። እውነቷን ነው፣ ምን ታድርግ?

ኦቦ ሌንጮ ዘንድ ሄጄም ለምኛለሁ። ኦቦ፣ እርስዎ ራስዎ ከሜዳው ዳር ቆመው ስትቀድም አይተው የለም ወይ ብላቸው፣ ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ እየቆረቆሩ፣ አዎ አይቻለሁ፣ ነገር ግን እኔ በዓይኔ ያየሁትን መንግሥት አልሆነም ካለ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት መንግሥት ዋሽቷል ልበል እንዴ፣ ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ የእኔም ዲግሪ ጉዴን አላስጣላትም። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አሯል፤ ይህን በአክብሮት የምልበት ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ይግባኝ እንዳልል ይግባኙም ለስብሰባ ይቀርባል። ሥራዬን እንዳልለቅ ስፖርት የተማረ ሰው የሚቀጥር ሌላ በር በዚህ አገር አላውቅም። ስለዚህ ከእርስዎ የምጠይቀው ምንም ነገር የለኝም፤ አለመጠየቄንም እንደ መልካም ሥነ ምግባር ይያዙልኝ።

ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ ይርዘም፤ ከኋላዎ የሚመጣ ሁሉ ከኋላዎ ይቅር። ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ካሰች ተሬፋ
አስተያየት ብቻ የምትሰጥ ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ሠርጉ በዳግማይ ትንሣኤ ተደርጓል። የካቺሲ ሰዎች ሙሽራዪቱ ሯጭ መሆኗን ሰምተው ስለነበር፣ እንዳታመልጥ አራት ፈረሰኞች በአጥሩ ዙሪያ አቆሙ። እኔ ጓዳ ገብቼ ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ በጓሮ በኩል መውጫ እንዳለ፣ ወንዙን ከተሻገረች ፈረስም እንደማይደርስባት በጆሮዋ ነገርኳት። ቲቸር፣ ሮጬስ የት እደርሳለሁ አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ በቅሎዋ ድረስ ቀስ ብላ በእግሯ ሄደች። ፈረሰኞቹ ቀኑን ሙሉ በከንቱ ቆመው ዋሉ።