ቀይዋን ማን ይነዳል

ኅዳር 21፣ 2014
ሙስዐብ ውድድር አቆመ። ቀይዋ መኪና ሹፌር የላትም።
የቡድናችን አንደኛ እሱ ነበር፣ ሁለተኛ እኔ። እዚህ በሰው አገር፣ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወጣ ብሎ ባለው የአፈር መም ላይ እነዚህን ባለ አንድ ወንበር ትንንሽ መኪኖች እየነዳሁ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ። ሁሌም የሁለተኛዋን፣ ነጯን።
የቡድኑ ባለቤት ሳሊህ ዓርብ ይወስናል። እኔ ወይስ የእህቱ ልጅ ኢክሪማ? ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ኩርባ ላይ ግን ይቸኩላል።

ኅዳር 24፣ ዓርብ
ሳሊህ መጣ። እስከ ዛሬ የምናወራው በሙስዐብ በኩል ነበር። ዛሬ ብቻውን።
"ያ ሙላቷ፣ ቀይዋን ትነጃለሽ? ጃህዛ? ዝግጁ ነሽ?"
ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ... "እህ!"
አየኝ። "ማ ዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ አትፍሪ" አለና ቀይዋን ለኢክሪማ ሰጠ።
ፈራሁ? እኔ?

ማታ አብራኝ ለምትኖረው ለሀኒፋ ነገርኳት። አልጋው ላይ ተንከባልላ ሳቀች።
"አንቺ! የዚህ አገር ሰዎች እኮ በትንፋሽ አዎ ማለት አያውቁም። ዐማራት ሰፈር ቤት ሠራተኛ ሆኜ የገባሁ ጊዜ እመቤቴ ልቤን የታመምኩ መስሏት ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነበር። እነሱ አዎ ሲሉ ደሞ ምላሳቸውን ቀጭ! እኔ እምቢ ያሉ እየመሰለኝ ስንቱን እንግዳ ሻይ ከለከልኩት!"
በአንዲት "እህ" ቀይዋ ሄደች?

ኅዳር 27
ለሳሊህ አስረዳሁት። ሳቀ፣ አዘነም። "ኸላስ፣ በቃ፣ ለልጁ ቃል ሰጥቻለሁ። ታኅሣሥ 8 በቀይዋ ይወዳደር። ከዚያ እናያለን።"
ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። ይሁን። ነጯን ፈትቼ ገጠምኳት።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ
ቀደምኩት!
የውሃ ቦቴው መሙን ዘግይቶ አጠጣ። ውስጠኛው መስመር ጭቃ፣ ውጪው ገና እርጥብ ብቻ። ኢክሪማ ውስጡን ያዘ። ሁሉም ውስጡን ያዙ። እኔ ከግድግዳው ጥግ... መሪውን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ይዤ፣ የነጯ ጭራ እየተንሸራተተ፣ ጋዙን ሳልለቅ ወደ ግራ ታጠፍኩ። በመጨረሻው ዙር በጎኑ አለፍኩ። አንደኛ።
ኢክሪማ ፊቱ ጭቃ በጭቃ፣ ጥርሱ ብቻ ይታያል። "ነጯን ምን አብልተሻት ነው?"
"ትዕግሥት።"
ሙስዐብ፦ "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እኔን እንዲህ ቀድመሽኝ አታውቂም።"
"አንተማ መንገድ መዝጋት ታውቅበት ነበራ!"
ሕዝቡ ስሜን እየጠራ ነበር። አንዳንዱ አበላሽቶ... ይጥራው። ኮራሁ። ዛሬ እዚህ ብጽፈው ማን ይታዘበኛል?

ታኅሣሥ 10
ወደ መሙ የሚወስደው ድልድይ ተዘግቶ ሰፈሬ ቡሪ ዋልኩ። ሳሊህ ደወለ።
"ቀይዋ ያንቺ ናት። ወላሂ፣ አንደኛዬ ነሽ።"
ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል... ግን "አስቤ ልንገርህ" አልኩት።
ሀኒፋ ጮኸች፦ "አብደሻል? አልሐምዱሊላህ በይና ውሰጃት!"
ቀይዋ ጉልበት አላት። ነጯን ግን ብሎን በብሎን አውቃታለሁ። አንደኛ የሚባለው መኪናው ነው ወይስ ነጂው? ነጯ ላይ ሆኜ አንደኛ ልሁን ብለውስ?
አዲሱ የውድድር ወቅት ከመጀመሩ በፊት መኪናዬን መምረጥ አለብኝ። ሳሊህ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16፣ መልሴን ሊሰማ ቡሪ ድረስ ይመጣል።