የጎኗን በር የተከሉት አናጺ፦ የአቶ ሚቅዳድ መሐሙድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሚቅዳድ ከአባታቸው ከአቶ መሐሙድ እንድሪስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሃዲያ ሰዒድ በ1949 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ሸዋ በር ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት ኮምቦልቻ ድረስ ተሰምቷል ይባላል፤ ቤተሰቡም አላስተባበለም።

ቁርኣን ቀርተው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከአጎታቸው የአናጺነት ሙያ ቀሰሙ። በወሎ ምድር እርሳቸው ያልሠሩት በር ካለ፣ እሱ በር ሳይሆን ቀዳዳ ነው። በ1976 ዓ.ም. ወ/ሮ ሉባባን አግብተው ኢክራማንና ቀመሪያን ወለዱ፤ በ1998 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ላስ ቬጋስ ገቡ።

በአንድ ትልቅ ካዚኖ የጥገና አናጺ ሳሉ፣ ሆቴሉ አንድ ጥንታዊ የመንገድ ጥግ መጠጥ ቤት ከእንግሊዝ አገር አስነቅሎ አስመጣ። ከከተማው ውጭ ኤፔክስ በሚባል ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ የነበረውን ያን ሁሉ ሳንቃ ገጥመው ያቆሙት አቶ ሚቅዳድ ናቸው። ረዳቶችም ነበሩ ይባላል፤ ስማቸው አልተያዘም። ቤቱ ዋና በሩ ከሁለቱም መንገድ እንዲታይ ጥጉ ላይ በሰያፍ የተተከለ፣ ግንባሩ በአረንጓዴ ሸክላ የተለበጠ፣ መስታወቱ ሐረግ የተቀረጸበት ነው። እንግሊዞች መጥተው አይተው በአገራቸው አፍረው ተመልሰዋል።

ከባንኮኒው ጎን የራሷ የውጭ በር ያላት ትንሽ ክፍል አለች። ድሮ ጨዋ ሴቶች ጠጪው ሳያያቸው የሚቀመጡባት ናት። አለቃቸው እሷን አፍርሶ የቁማር ማሽን ሊደረድር ፈለገ። አቶ ሚቅዳድ ግን ይህን ሥራ ለባለቤታቸው ሳያሳዩ መሞትን ይፈሩ ነበር፤ ወ/ሮ ሉባባ ደግሞ "የወርቅ ቤት ብትሠራ በሰካራም መሐል አልፌ አልገባም" ብለው ምለዋል።

"ይቺን ካፈረስክ ሉባባ በየት ትግባልኝ?" አሉት አለቃውን። ሰውየው ስቆ ስቆ ተወላቸው።

ወ/ሮ ሉባባ እንዲያም ሆኖ ዓመታት አንገራገሩ። ባለፈው ዓመት የባለቤታቸው የልብ ሕመም ሲጸና ግን በጎኗ በር ገቡ። ሳንቃውን ዳሰሱ፣ ሐረጉን ዳሰሱና፣ "አንተ ሰውዬ! ይሄን የመሰለ ነገር ለሰካራም? የኛ ሳሎን ምን በደለህ?" አሉ።

አቶ ሚቅዳድ ሐኪም ዕረፉ እያላቸው፣ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር ያለውን የቤታቸውን ሳሎን በዚያው ዓይነት ሳንቃ ዙሪያውን ለበጡት። ሲጨርሱ ወ/ሮ ሉባባ ከጥግ እስከ ጥግ አይተው እንከን አጡ። በትዳራቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ሚቅዳድ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ወደ አኼራ ሄዱ። ለለቅሶ የሚመጣ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያው ሳሎን ነው፤ ወ/ሮ ሉባባ ግድግዳው ላይ እንዳትደገፉ ብለዋል።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው፤ ለቀረነውም ሶብሩን ይስጠን። አሚን።