እናቴ በየትኛው ካንቶን እንደሞተች

ለተከበሩ አቶ አንድርያስ
የሳይኦቶ ወንዝ ዳር መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር
ደብሊን፣ ኦሃዮ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ በደኅና እንደሚገኙና የአውሮፓው መንገድ ድካም እንደለቀቀዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎ እንዲበረታ ከልብ እመኛለሁ፤ በአሁኑ አሠራር የእድራችን አባል ሆኖ መሞት ለማንም አይመከርምና።

እኔ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ያረፈችው የወይዘሮ ከድጃ ልጅ አብዱረሂም ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ልጅዎን ሊጠይቁ ሉክሰምበርግ ሄደው፣ ያቺ ትንሽ አገር ካንቶን በሚባሉ አሥራ ሁለት ወረዳዎች መከፈሏን በዘጠኝ ቀን አጥንተው ስለተመለሱ፣ የእኛንም መቶ ሰማንያ ቤተሰብ በአሥራ ሁለት ካንቶን ከፍለው ለእያንዳንዱ ሹም፣ ጸሐፊና ማኅተም ስለሰጡ እናመሰግናለን። የደብሊን ካንቶን አራት ቤት ብቻ ይዞ ሦስቱ የወንድሞችዎ ሆነው ሲገኙ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እርስዎ ግን «እዚያም ቪያንደን የምትባል ሚጢጢ ካንቶን አለች» ብለው አፋችንን አስያዙን።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. የኦቤትስንና የፍራንክሊንተንን ካንቶኖች ድንበር ያሰመሩት በደጃችን በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው። ሐሙስ ጠዋት ለኦቤትስ ካንቶን ሹም ለጋሼ ገብረኪዳን ስደውል፣ «አብዱዬ፣ እግዜር ያጽናህ፤ ግን ካርታውን ሳየው ቤታችሁ ከመንገዱ ወዲያ ነው፤ ፍራንክሊንተንን ኮል አድርግ» አሉኝ። የፍራንክሊንተኑ ሹም ጋሼ ሙሐመድአወል ደግሞ «ኢና ሊላሂ!» ካሉ በኋላ የእሳቸውን ካርታ ዘርግተው፣ የፖስታ ሳጥናችን ከመንገዱ ማዶ ስለቆመ የኦቤትስ ነን ብለው መለሱኝ።

፪. የመቃብሩ ቦታ በእድሩ ስም ስለሆነ ያለ ካንቶን ሹም ፊርማ አይቆፈርም። በእኛ ሃይማኖት ሬሳ እንደማይቆይ አስታውሼ ለእርስዎ ብጽፍ፣ «ጉዳዩ እሁድ ለካንቶኖች ጉባኤ ይቀርባል» የሚል ቴክስት ላኩልኝ። እናቴ እስከ እሁድ በሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ተራዋን ትጠብቅ ማለትዎ ነበር። ይህን ያነበብኩት የሐዘን ፈቃድ ልጠይቅ በሄድኩበት፣ በምሠራበት መጋዘን በር ላይ ቆሜ ነው።

፫. ለዚህኛው ቁጥር መስጠት እንኳ ይቀፈኛል። እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእድሩን ሙስሊም ሴቶች ሬሳ ስታጥብ፣ ሟቿ ከመንገዱ ወዲህ ትሁን ወዲያ ጠይቃ አታውቅም። አርብ ዕለት ለእሷ አጣቢ እንዲሰጡኝ ሁለቱንም ሹሞች ብለምን፣ «የካንቶናችን ሴቶች ያለ ትእዛዝ አይንቀሳቀሱም» ተባልኩ።

ያኔ ጎረቤታችን ሐምራዊት፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ የዕለቱን የዴሊቨሪ ሥራዋን ካንስል አድርጋ ከመስጊድ መስጊድ ስትነዳ ዋለች። ማታ መጥታ «እነሱን ተዋቸው አብዱ፤ እኛው እንቀብራታለን» አለችኝ። ስማችንን እንኳ የማያውቁ አራት የሶማሌ እናቶች እናቴን አጠቡልኝ፤ መስጊዳቸው ከራሱ ቦታ መቃብር ሰጠን፤ ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናት። ጋሼ ገብረኪዳን መጥተው ነበር፤ ግን ከመኪናቸው ሳይወርዱ ከአጥሩ ውጭ ሆነው አለቀሱ። ድንበር መሻገር ፈርተው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

በሉክሰምበርግ ላይ ቅሬታ የለኝም። እዚያ ካንቶን የተሰመረው መሬት ላይ ነው፤ እርስዎ ያሰመሩት ሐዘንተኛ ላይ ነው። ስለዚህ ከእድሩ መውጣቴን በትሕትና አስታውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ አርባ አንድ ቤተሰብ አብሮኝ ወጥቷል፤ ከአሥራ ሁለቱ ካንቶኖች ሦስቱ ሹምና ማኅተም ብቻ ይዘው ቀርተዋል። ለአስተዳደር ቀለል ይልዎታል ብለን ነው።

ለካርታዎችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ እንዳይነሱ እየጸለይኩ፣ ሌላ አገር እንዳይጎበኙም ከእግርዎ ሥር ወድቄ እየለመንኩ፣ ታላቅ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

አብዱረሂም፣ የከድጃ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ከጽሕፈት ቤትዎ የዝውውር ቅጽ ደረሰኝ። እናቴ ወደ ፍራንክሊንተን ካንቶን እንድትዛወር ጉባኤው መፍቀዱን ይገልጽና፣ አባሏ ራሷ ቀርባ እንድትፈርም ያዛል። የመስጊዱ መቃብር ግቢ ሲገቡ በስተግራ ሦስተኛዋ ናት፤ እስክሪብቶ ይዘው ይሂዱ።